በካዚኖ ሆቴል ነጥብ እንግዳ መጋበዝ፦ እራት፣ አልጋ ወይስ ትዕይንት?

ላስ ቬጋስ የሚኖር ሐበሻ እንግዳ አይጠፋበትም። ከዋሽንግተን ዲሲም ይምጣ ከአዲስ አበባ፣ ዘመድ በገባ በማግስቱ «እስቲ ስትሪፑን አሳየን» ማለቱ አይቀርም፤ ትልልቆቹ ካዚኖ ሆቴሎች በተደረደሩበት በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ የአራት ሰው እራት የቤተሰብን የሳምንት አስቤዛ የሚያህል ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ የካዚኖ ሆቴል የአባልነት ካርድ ያለው ሰው የተጠራቀመለትን ነጥብ ለእንግዳው መስተንግዶ ለማዋል ቢያስብ አያስገርምም። የሚያስቸግረው በምን ላይ ያውለው የሚለው ነው፤ በእራት፣ በአልጋ፣ በትዕይንት ትኬት፣ ወይስ ነጥቡን ሳይነካ በጥሬ ገንዘብ ይጋብዝ? የእኔ አስተያየት ከወዲሁ ይታወቅ። ነጥብ ጋባዡ ራሱ አብሮ በሚቀመጥበት ማዕድ ላይ ሲውል ከሁሉም የተሻለ ነው። አልጋ ሁለተኛ ይመጣል፣ ያውም ብዙ ቅድመ ሁኔታ ተሟልቶ። ነጥብን ወደ መጫወቻ ገንዘብ መቀየር ግን ግብዣ ሊባል አይገባውም።

ምርጫው ውስጥ ከመግባታችን በፊት ነጥቡ ምን ያህል እንደሚያወጣና በምን ዋጋ እንደተገኘ ማስላት ያስፈልጋል። በስትሪፑ ላይ ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች አብዛኞቹ በሁለት ኩባንያዎች ሥር ናቸው። ሲዛርስ ፓላስ፣ ፍላሚንጎ፣ ፓሪስና ሃራስ በሲዛርስ ሪዋርድስ ካርድ ይሠራሉ፤ ይህ ካርድ እ.ኤ.አ. እስከ 2019 ድረስ ቶታል ሪዋርድስ ይባል ነበር። ቤላጂዮ፣ አሪያ፣ ማንዳላይ ቤይ፣ ኮስሞፖሊታንና ኤምጂኤም ግራንድ ደግሞ በ2022 የቀድሞውን ኤም ላይፍ በተካው በኤምጂኤም ሪዋርድስ ይጠቀማሉ። በሁለቱም ዘንድ ለምግብና ለአልጋ ሲውል 100 ነጥብ የሚመነዘረው በ1 ዶላር ነው፤ ስለዚህ ካርዱ ላይ 10,000 የሚል ቁጥር ያየ ሰው የያዘው 100 ዶላር መሆኑን ይወቅ። ብዙ ሰው የሚያሳስተው ሌላ ነገርም አለ። በካርዱ ላይ የሚቆጠረው አንድ ዓይነት ነጥብ ብቻ አይደለም፤ አንዱ የሚመነዘረው ነጥብ ሲሆን ሌላው ፐርል፣ ጎልድ፣ ዳይመንድ የሚባሉትን እርከኖች የሚወስነው የደረጃ ነጥብ ነው። የመጀመሪያውን ለእንግዳ ማውጣት ሁለተኛውን አይቀንስም፤ ስለዚህ «ደረጃዬ ይወርድብኛል» ብሎ ነጥቡን ማቀፍ መሠረት የለውም።

ዋጋውን በተመለከተ የሲዛርስን ስሎት የሚባል የቁማር ማሽን ብንወስድ፣ አንድ ነጥብ የሚሰጠው በየ5 ዶላር ውርርድ ነው። የ100 ዶላር እራት 10,000 ነጥብ ከፈለገ፣ ያንን ነጥብ ለማግኘት 50,000 ዶላር በማሽኑ ውስጥ ማለፍ አለበት ማለት ነው። እርግጥ ይህ ሁሉ ገንዘብ ከኪስ የወጣ አይደለም፤ አንድ መቶ ዶላር ሲገባና ሲወጣ፣ ሲያሸንፍና ሲሸነፍ ብዙ ጊዜ ይቆጠራል። ነገር ግን የስትሪፑ ማሽኖች ከሚወራረደው ገንዘብ በአማካይ 8 በመቶ ገደማ ያስቀራሉ፤ የ50,000 ዶላር 8 በመቶ ደግሞ 4,000 ዶላር ነው። እንግዲህ «ዘመዴ ሊመጣ ነውና ትንሽ ተጫውቼ ነጥብ ላጠራቅም» የሚል ሰው የመቶ ዶላርን እራት በአራት ሺህ ዶላር ሊገዛ ቀጠሮ እየያዘ ነው። ይህ መመሪያ የሚያገለግለው ነጥቡ አስቀድሞ በእጁ ላለ ሰው ብቻ ነው፤ በተለይም በሆቴል አዳር፣ በሥራ ስብሰባ፣ በምግብ ቤት ወጪ ወይም ከአባልነቱ ጋር በተያያዘ የክሬዲት ካርድ አጠቃቀም ለተጠራቀመለት።

እራት

እራት የሚመረጥበት ዋናው ምክንያት የነጥቡ ዋጋ ሳይሸራረፍ ወደ እንግዳው ስለሚደርስ ነው። 15,000 ነጥብ 150 ዶላር ምግብ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ ጋባዡም አለ፣ ተጋባዡም አለ፣ ወግም አለ። የሚያደናቅፉት ነገሮች ግን አንድ ሁለት አይደሉም።

የመጀመሪያው እንቅፋት በሆቴሉ ሕንፃ ውስጥ ያለ ምግብ ቤት ሁሉ የሆቴሉ አለመሆኑ ነው። ብዙዎቹ ቦታውን ተከራይተው የሚሠሩ ሌሎች ድርጅቶች ናቸው፤ ከእነርሱም ነጥብ የሚቀበሉና የማይቀበሉ አሉ። እኔ ይህን የተማርኩት የእናቴን ታናሽ እህት ከሁለት ልጆቿ ጋር በጋበዝኩበት ምሽት ነው። ስሙን የማልጠራው ሆቴል ምድር ቤት ባለ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ያማረንን ሁሉ ካዘዝን በኋላ፣ አስተናጋጇ ካርዴን አገላብጣ አየችና በትሕትና መለሰችልኝ፤ እነርሱ ተከራይ ናቸው፣ የሆቴሉ ነጥብ እዚያ አይሠራም። ሁለት መቶ ስልሳ ዶላሩን በክሬዲት ካርድ ከፈልኩ፤ አክስቴም እስከ ዛሬ ድረስ «ያ ልጅ በእኔ ምክንያት ተበደረ» እያለች ታወራለች። ጠረጴዛ ሲያስይዙ «ነጥብ ትቀበላላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ የሚፈጀው ግማሽ ደቂቃ ነው።

ሁለተኛው ሒሳብ የሚመጣበት ቅጽበት ነው። ማንም ሐበሻ እንደሚያውቀው ሒሳቡ በጥቁሩ ማኅደር ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ትግል ይጀመራል። አጎቴ በግራ እጃቸው ማኅደሩን ተጭነው፣ በቀኛቸው የውስጥ ኪሳቸውን እየፈተሹ «በሞቴ! አንተ አትከፍላትም!» ሲሉ፣ እኔ ደግሞ ካርዴንና መታወቂያዬን ይዤ ቆሜ፣ አስተናጋጁ ከሁለታችን ማንን እንደሚሰማ ግራ ገብቶት ነበር። በነጥብ መክፈል ከተራ ክፍያ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ ባለካርዱ ራሱ መገኘት፣ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ማሳየት፣ አንዳንድ ቦታም የምስጢር ቁጥር ማስገባትና መፈረም አለበት። ስለዚህ ጉዳዩን ምግቡ ሳይጠናቀቅ እጅ ለመታጠብ እንደሚሄድ ሰው ተነስቶ ከአስተናጋጁ ጋር መጨረስ የተሻለ ነው። ሒሳቡ ተዘግቶ ከመጣ ክርክሩም አብሮ ይዘጋል።

ሦስተኛው ጉርሻ ነው፤ ማለቴ ለአስተናጋጅ የሚሰጠው። ነጥብ የምግቡን ዋጋና ታክሱን ሊሸፍን ይችላል፣ ጉርሻውን ግን ብዙ ጊዜ አይሸፍንም። ተገቢው ጉርሻ የሚሰላውም ነጥቡ ከመቀነሱ በፊት ባለው ሙሉ ሒሳብ ላይ ነው። የ200 ዶላር እራት በነጥብ ተከፍሎ ደረሰኙ ዜሮ ቢልም አስተናጋጁ ያገለገለው የ200 ዶላር ጠረጴዛ ነው፤ ከ18 እስከ 20 በመቶ ቢታሰብ ከ36 እስከ 40 ዶላር በጥሬው መያዝ ያስፈልጋል። በዚህች ከተማ ሆቴሎች ውስጥ ትሪ የሚሸከሙ የአገራችን ልጆች ብዙ በመሆናቸው፣ ዜሮ ደረሰኝ ላይ ዜሮ ጉርሻ ትቶ መሄድ ወሬው የት እንደሚደርስ አይታወቅም።

አራተኛውና እኔ ከሁሉም አስቀድሜ የማስበው ጾም ነው። የሲዛርስ ፓላሱ ባካናል፣ የኮስሞፖሊታኑ ዊክድ ስፑን ወይም የቤላጂዮ ቡፌ ለእንግዳ ዓይን የሚሞሉ ናቸው፤ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ከሆነም እያንዳንዱ የወደደውን ስለሚያነሳ ጋባዡ ዕረፍት ያገኛል። ሆኖም ቡፌ የሚከፈለው በነፍስ ወከፍ ነው፤ ዋጋውን ያስወደደውም ክራቡና ጥብሱ ነው። በረቡዕ፣ በዓርብ ወይም በሁዳዴ እናትዎን እዚያ ቢወስዱ፣ ሰላጣና ፍራፍሬ ለሚያነሱ እናት የክራብ ዋጋ ይከፍላሉ፤ እርሳቸውም ከሥጋው ትሪ ፊት ለፊት ተቀምጠው «እኔ ጠግቤአለሁ» እያሉ ያመሻሉ። በጾም ቀን በዝርዝር የሚታዘዝበት ምግብ ቤት ይሻላል፤ በተለይ የእስያ ምግብ ቤቶች ቅቤና ወተት ያልገባበት ሩዝ፣ ቶፉና አትክልት አያጡም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለተጋባዡ መተው ብልህነት ነው፤ አስተናጋጅ ቆሞ እየጠበቀ የሚካሄድ ክርክር አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ጋር የነጥቡ ምንጭ ጉዳይ አለ። አንዳንድ ተጋባዦች፣ ሙስሊምም ይሁኑ ክርስቲያን፣ ከቁማር በተገኘ ገንዘብ መጋበዝን አይቀበሉም፤ ሌሎች ደግሞ ሃይማኖታዊ ተቃውሞ ባይኖራቸውም ካርዱን ሲያዩ «ቁማር ትጫወታለህ እንዴ?» ብለው ይደነግጣሉ፣ ድንጋጤውም በዚያው ሌሊት በስልክ አገር ቤት ይደርሳል። የነጥቡ ምንጭ የሆቴል አዳር ወይም የሥራ ስብሰባ ከሆነ አስቀድሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ይበቃል። ምንጩ ቁማር ከሆነና ተጋባዡ እንደማይወደው ከታወቀ ግን፣ ደብቆ ከማብላት ይልቅ በራስ ገንዘብ ቀለል ያለ ነገር መጋበዝ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ሰው የሚጎርሰው ነገር ከየት እንደመጣ የማወቅ መብት አለው።

አልጋ

አልጋ በወረቀት ላይ ሲታይ ከእራት የበለጠ ስጦታ ይመስላል። ሲሰላ ግን ሌላ ነው። ከክፍሉ ዋጋ ሌላ በየሌሊቱ የሚከፈለው ሪዞርት ፊ የሚሉት ክፍያ በስትሪፑ ላይ ብዙ ጊዜ ከ40 ዶላር በላይ ነው፤ በነጥብ ወይም በስጦታ የተገኘ ክፍል ላይም ሊጠየቅ ይችላል። ከግንቦት 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ ሆቴሎች አስገዳጅ ክፍያዎችን ጨምረው ጠቅላላውን ዋጋ ከመጀመሪያው እንዲያሳዩ ስላስገደደ ነገሩ ከቀድሞው ግልጽ ሆኗል፤ ክፍያው ግን አልቀረም። በኤምጂኤም የጎልድ፣ በሲዛርስ የዳይመንድ ደረጃና ከዚያ በላይ ያሉ አባላት ይህ ክፍያ ይነሳላቸዋል፤ ከዚያ በታች ያለ ሰው ለሦስት ሌሊት ከመቶ ዶላር በላይ በጥሬው እንደሚያወጣ አስቀድሞ ይቁጠር።

ከባዱ ነገር ግን ክፍሉ የሚሰጠው በአባሉ ስም መሆኑ ነው። ባለካርዱ ከነመታወቂያው ራሱ ተገኝቶ ቁልፉን መቀበል፣ ለመያዣ የሚሆን ክሬዲት ካርድም ማስመዝገብ አለበት፤ በስትሪፑ ሆቴሎችም ለመግባት የሚጠየቀው ዕድሜ ባብዛኛው 21 ነው። ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ የአሜሪካ ክሬዲት ካርድ ስለማይኖረው የእርስዎ ካርድ እርሱ በሚተኛበት ክፍል ላይ ተመዝግቦ ይቆያል ማለት ነው። በብዙ ሆቴሎች የክፍሉ ማቀዝቀዣና መክሰስ የሚቀመጥበት ትሪ ክብደት የሚለይ መሣሪያ የተገጠመላቸው ናቸው፤ ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ የለውዙን ጣሳ አንስቶ፣ አገላብጦ አይቶ፣ ትንሽ ቆይቶ ቢመልሰው እንኳ በሒሳቡ ላይ ሊጻፍ ይችላል። ይህን ለእንግዳ በግልጽ መናገር ያሳፍራል፤ አለመናገር ደግሞ ያስከፍላል። እኔ ገና በሩ ሲከፈት ትሪውን እያሳየሁ «ይህ ጌጥ ነው፣ አይነካም» እላለሁ።

ቀኑም ወሳኝ ነው። ነጥቡ የሚቆረጠው በክፍሉ የዕለት ዋጋ ልክ ስለሆነ፣ ያው ክፍል ማክሰኞ የሚጠይቀው ነጥብ ቅዳሜ ከሚጠይቀው በብዙ ያነሰ ነው። በጥር የቴክኖሎጂ ዓውደ ርዕዩ፣ በኅዳር የፎርሙላ 1 ውድድር ሲመጣ ዋጋው ሰማይ ይነካል፤ በእነዚያ ቀናት አልጋ በነጥብ መፈለግ ቁም ነገር የለውም። እንግዳው አዛውንት ከሆነ ወይም አስም ካለበት፣ በብዙ ካዚኖዎች ወለል ላይ ሲጋራ እንደሚጨስና ወደ ክፍል የሚወስደው መንገድ በዚያው ወለል ላይ እንደሚያልፍ አይዘንጋ፤ ከ2020 ጀምሮ ሲጋራ ጨርሶ የማይጨስበት ፓርክ ኤምጂኤም ለእንደነዚህ ዓይነት እንግዶች የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው።

አልጋ መስጠት የግድ ከሆነ የሆቴል ሰንሰለቶች ነጥብ ከካዚኖ ነጥብ ይሻላል። በ2021 የተከፈተው ሪዞርትስ ወርልድ ውስጥ የሂልተን ሆቴሎች ስላሉ የሂልተን ኦነርስ ነጥብ ይሠራል፤ ሂልተን ሙሉ በሙሉ በነጥብ በተያዘ አዳር ላይ ሪዞርት ፊ አያስከፍልም፣ ዘመዳሞችም ነጥባቸውን አንድ ላይ እንዲያዋጡ ይፈቅዳል። ወንድም ከሲያትል፣ እህት ከዳላስ አዋጥተው ለእናታቸው ሦስት ሌሊት መያዝ ይችላሉ፤ በካዚኖ ካርድ ይህን ማድረግ እምብዛም አይቻልም። የማሪዮት ቦንቮይ ነጥብ ያለውም ከ2024 ወዲህ በብዙ የኤምጂኤም ሆቴሎች ሊጠቀምበት ይችላል፣ ማሪዮት ግን በነጥብ አዳር ላይ ሪዞርት ፊውን እንደማያነሳ ማወቅ ያሻል። እውነቱን ለመናገር፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ ከሆቴል ይልቅ የእርስዎን ሶፋ ይመርጣል። ሆቴል ውስጥ ማሳደር «ቤቱ ከበደው» ተብሎ ሊተረጎምም ይችላል።

ትዕይንትና መጫወቻ

የትዕይንት ትኬት የሚመረጠው ለወጣቶችና ከአሜሪካ ሌላ ከተማ ለመጡ ነው። የሰርከስ ትርኢት ቋንቋ ስለማይጠይቅ ለሁሉም ይሆናል ይባላል፤ ነገር ግን በአሜሪካ በጋ ላስ ቬጋስ ከአዲስ አበባ በ10 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ የሚጀምር ትርኢት ትናንት ለደረሰ እንግዳ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። አንዲት ዘመዳችን የ150 ዶላር ወንበር ላይ በነጠላዋ ተጠቅልላ ከመጀመሪያው ከበሮ እስከ መጨረሻው ጭብጨባ አንቀላፍታለች። ሦስት አራት ቀን ይለፍ፣ ወይም ትኬቱ ይቅርና የቤላጂዮን የውኃ ፏፏቴና የአበባ አዳራሽ በነጻ ያሳዩ፤ ለፎቶ እንደሆነ ከዚያ የሚበልጥ የለም።

ነጥብን ወደ መጫወቻ ገንዘብ ቀይሮ «ዕድልህን ሞክር» ማለት ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው። መጫወቻው በባለካርዱ ስም ብቻ የሚሠራ ስለሆነ እንግዳው በእርስዎ ካርድ ሲጫወት መገኘቱ ደንብ መጣስ ነው፤ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ደግሞ ከማሽኑ ፊት መቆም እንኳ አይፈቀድለትም። ከዚህም ሌላ የማይጫወተውን ሰው ማሽን ፊት ያስቀመጠው የእርስዎ ግብዣ ነበር የሚባልበት ቀን ሊመጣ ይችላል።

ጥሬ ገንዘብ

በ2023 የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ በሰየመው ሰፈርና በዙሪያው የሚገኙ የአገራችን ምግብ ቤቶች የካዚኖ ነጥብ አይቀበሉም፤ በስትሪፑ አንድ ሰው በሚበላበት ገንዘብ ግን ሁለት ሰው ይበላባቸዋል፣ የጾሙም ጉዳይ አያስጨንቅም። ከዲሲ የመጣ እንግዳ እንጀራ አልናፈቀውም፤ እርሱን በነጥብ ስትሪፕ ላይ መጋበዝ ያስኬዳል። ከአገር ቤት የመጣችው እናት ግን በአምስተኛው ቀን ሽሮ ትፈልጋለች። ቁማር ለመተው እየታገለ ያለ ሰውም፣ ምንም ያህል ነጥብ ቢኖረው፣ ነጥቡን ለመመንዘር ብሎ ካዚኖ ውስጥ ከመግባት ይህን መንገድ ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ነጥቡ ቢቃጠል ይቃጠል።

በቁማር ላልተቸገረ ሰው ግን ነጥብ ማቃጠል ተገቢ ስላልሆነ፣ በሲዛርስ ለ6 ወር አዲስ ነጥብ ያልገባበት ካርድ ላይ ያለው ሁሉ እንደሚሰረዝ ማስታወስ ያስፈልጋል። እንግዳው የሚመጣው ለገና ከሆነና ካርዱ ከሰኔ ወዲህ ካልተነካ፣ በጥቅምት ወር ነጥብ በሚያስገኝ የሆቴሉ ምግብ ቤት ውስጥ ካርዱን አሳይቶ በጥሬው አንድ ምሳ መብላት ቆጠራውን እንደገና ያስጀምረዋል። ከግብዣው ሁሉ ተርፎ 700 ነጥብ ቢቀር ደግሞ 7 ዶላር ነው፤ እንግዳውን ወደ አውሮፕላን ጣቢያ ሲያደርሱ በመንገድ ላይ ካለው የሆቴሉ ቡና ቤት አንድ ማኪያቶ ያስጠጣል፣ ጉርሻውን ከኪስ ጨምረው።